የተልባ ዘይት የጠጡ በሮች

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ጥላው ሰፊ ነው፣ ለሁላችንም ይበቃል። እግራችሁን ዘርጉ፤ የቸኮለም ካለ ትንፋሹን ሰብሰብ ያድርግ። ዛሬ የማወራችሁ ነገር ሩጫ አይወድም። ስለ አንዲት ሴትና ስለ አንድ ጠርሙስ ዘይት ነው።

ከወረታ አስፋልቱን ለቃችሁ ወደ ጣና በኩል ወደ ሜዳው ስትወርዱ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ የሩዙ ማሳ ከሚጀምርበት ላይ የእማዋይሽ ቤት አለ። እሷም አለች፣ ዕድሜ ይስጣት። ትውልዷ የፎገራ አይደለም፣ ከላይ ከፋርጣ ነው። አባቷ ተልባ ይዘሩ ነበር። ተልባ ሲያብብ አይታችሁ ታውቁ እንደሁ እንጃ፤ አበባው ሰማያዊ ነው። ጠዋት በጠል ይከፈታል፣ ፀሐይዋ በረታ ስትል ይረግፋል። ቀትር ላይ የመጣ ሰው አረንጓዴ ማሳ ብቻ አይቶ ይመለሳል። እማዋይሽ ተድራ ወደ ፎገራ የወረደች ዓመት፣ ክረምቱ ገብቶ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ ማለዳ በሯን ከፍታ ብታይ ምድሩ ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። ባሏን ቀስቅሳ፣ እናንተም አገር ተልባ አለ ለካ አለችው። ሰውዬው እስኪሞት ድረስ ይቺን እያነሳ ይስቅባት ነበር።

ዘይት አወጣጡን የተማረችው ከእናቷ ነው። ተልባውን ነፍሳ፣ ለቅማ፣ በብረት ምጣድ ለዘብ ባለ እሳት ታምሰዋለች። ከዚያ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች። የደቀቀውን ገበታ ላይ አድርጋ ፍል ውሃ ጠብ፣ ጠብ እያደረገች ታሸዋለች። ስታሸው፣ ስታሸው፣ አንድ ጊዜ ላይ ዱቄቱ እምቢ ማለቱን ይተውና ዘይቱ እንደ ላብ ወዝ ብሎ ይወጣል። የቀረውን ፋጉሎ ላሞቹ ይወዱታል።

ጭንቁ ያለው ግን እሽቱ ላይ አይደለም፣ አመሳው ላይ ነው። ተልባ እሳት ሲሰማው ይንጣጣል እንጂ መቼ እንደበቃው አይናገርም። ቀለሙ ድሮም ቡናማ ነው፣ ቢያርም አያስታውቅም። የሚያውቀው አፍንጫ ብቻ ነው። እማዋይሽ ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብላ ታሸታለች፣ ልክ በደረሰበት ቅጽበት ታወርዳለች። ዘይቱ ከወጣም በኋላ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ አሽታ አሽታ፣ ዓይኗን ጨፍና እንደገና ታሸታለች። ሽታው እንደ እርጥብ ሣርና እንደ ትኩስ ለውዝ ከሆነ ለአፍ ነው። እንደ አሮጌ ቀለም ወይም እንደ አደረ ዓሣ ከሸተታት ለእንጨት ነው፣ አፍ አይነካውም። የአፉን በጨለማ ጠርሙስ አድርጋ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ጥግ ታስቀምጠዋለች። የእንጨቱን በጣሳ ታወጣዋለች።

ሰው ደግሞ ለሁሉም ነገር ይፈልጋታል። ሆዱ የሚደርቅበት ሽማግሌ በጠዋት አንድ ማንኪያ ፍትፍቱ ላይ ያንጠባጥባል። ጾም ሲገባ ሴቶቹ ንፍሮውና ስልጆው ላይ ጣል ያደርጉታል፤ እሱንም ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፣ ሲጣድ እንደሚበላሽ እሷ አስተምራቸዋለች። የተረከዙ ንቃቃት ያስቸገረው ማታ ታጥቦ ይቀባዋል። ጠጉሯ የደረቀባትም ትወስዳለች። ከእንጨቱ ጣሳ ደግሞ ሞፈርና የማጭድ እጀታ ይቀባል፣ የቀንበሩ ጠፍር ምራኑም ይለሰልስበታል። ስለዚህ የእማዋይሽ ደጅ ሰው አያጣም። ልጆቿ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ አዲስ አበባ ናቸው፤ ስልክ ይደውላሉ። ደጇን የሚያንኳኳው ግን ዘይቱ ነው።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ጉንፋን ያዛት። ብርቱ ጉንፋን ነበር፣ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ጣላት፣ ከዚያ ለቀቃት። ድና ተነሳች። ምንም የጎደለ ነገር ያለ አልመሰላትም። ሚያዝያ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የደረቀውን መሬት መታው። እማዋይሽ እንደ ልማዷ ሽታውን ልትቀበል ደጃፍ ወጥታ ቆመች። ዝናቡ መጣ፤ አፈሩ ጠቆረ፤ ጠብታው ፊቷን ነካት። ሽታው ግን አልመጣም። ቆማ ጠበቀችው። ልብሷ እስኪርስ ጠበቀችው። ዓለም በመስታወት በኩል የምታያት ነገር ሆናባት ነበር፤ ሁሉም አለ፣ ግን ወዲያ ማዶ ነው።

ለማንም አልተናገረችም። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዳ ሰባት ቀን ተነከረች፣ ለጠየቃት ሁሉ ለጉልበቴ ነው አለች። ጉልበቷ እውነትም ተሻለው። አፍንጫዋ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ።

ዘይቱን ግን አላቆመችም። እንዴት ታቁም? አልችልም ካለች ለምን ይሏታል፤ ለምንን ከነገረች ደግሞ ደጁ ጸጥ ይላል። ስለዚህ ምጣዱ ላይ እንደ ድሮው ጎንበስ ትላለች፤ በልቧ አቡነ ዘበሰማያት አሥራ ሁለት ጊዜ ደግማ ታወርዳለች። መዳፏን አፍንጫዋ ዘንድ ታደርሳለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ለአፍ ነው ትላለች። ሰውም እጅሽ ይባረክ ብሎ ይወስዳል። ስምንት ወር ሙሉ የሚወስደው ሰው አንድም አላጉረመረመም። እንዲያውም ምስጋናው ከድሮው በዛ። እማዋይሽም ቀስ በቀስ እጄ አውቆታል ማለት ነው፣ አፍንጫ ለካ ትርፍ ነበር እያለች ራሷን ማጽናናት ጀመረች።

ኅዳር ላይ፣ የገና ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የየኔታ በእውቀቱ ልጅ ሙናዬ መጣች። የኔታ የደብሩ የዜማ መምህር ናቸው። አርባ ዓመት አስተምረዋል። ተማሪ ሲያዜም ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ ድምፅ የጠጉር ታህል ከቦታዋ ከሳተች በዘንግ መሬቱን ይመቱና ያስቆሙታል። የደብሩ አለቃ ልጅም ቢሆን ያስቆሙታል። ያን ሰሞን ባሕር ዳር ሆስፒታል ጎናቸውን በቀዶ ሕክምና ታክመው፣ ሰንብተው መመለሳቸው ነበር። ሙናዬ እንዳለችው፣ የሚውጡት መድኃኒት ሆዳቸውን አድርቆ አስጨንቋቸዋል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ውሃ እንዲያበዙ፣ የተፈጨ ተልባ እንዲጠጡ፣ ደህና ትኩስ የተልባ ዘይት ከተገኘም አንድ ማንኪያ ምግባቸው ላይ እንዲያደርጉ ነግራቸዋለች። መድኃኒቱን ግን በዚህ ሰበብ እንዳይተዉ፣ የቆየ ዘይትም እንዳይቀምሱ አስጠንቅቃለች። የኔታም ከእማዋይሽ እጅ ካልሆነ አልፈልግም፣ እሷው ራሷ ይዛው ትምጣ ብለዋል። ሙናዬ ይህን ሁሉ ስትናገር ዓይኗ መሬት መሬት ያይ ነበር። እማዋይሽ የአባቷ ሕመም አሳስቧት ነው ብላ አለፈችው።

ያን ዘይት ስታወጣ እንደተጨነቀችው ተጨንቃ አታውቅም። ያላትን ዘር ሦስት ጊዜ ለቀመችው። አቡነ ዘበሰማያቱን ሳትቸኩል ደገመች። በመጨረሻ ዘይቱ ጠርሙሱ ውስጥ ሲገባ ወርቅ መሰለ። ምላሷ ላይ አንድ ጠብታ ጣለች፤ ምላሷም ከአፍንጫዋ ጋር አብሮ ደንዝዟል፣ ቅባት መሆኑን ብቻ ነገራት። ይሄ የታመመ ሰው ሆድ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ደህና ይሁን ወይ መርሮ ይሁን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ሆኖም በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛው ወጣች።

መጀመሪያ በጉንፋኑ፣ በኋላም ከሰኔ ጀምሮ ውሃው የታችኛውን መንገድ ስለዘጋው፣ ከመጋቢት ወዲህ በዚያ በኩል አላለፈችም፤ ቤተ ክርስቲያንም የምትሄደው በላይኛው ነበር። ያን ቀን ግን መንገዱ ደርቋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ይሆናል። ጭጋጉ ከሩዙ ላይ ቀስ እያለ ይነሳል፤ ሩዙ ቢጫ ሆኖ ጎንበስ ብሏል፤ ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ጭጋግ ውስጥ ቆመው የሚዋኙ ይመስላሉ። እማዋይሽ ድምፅ በሌለበት ዓለም ውስጥ የምትሄድ መሰላት።

መጀመሪያ ያየችው የገበሬውን የባየህን በር ነው። ፀሐይ ስታርፍበት በሩ አበራ። ያረጀ የዋንዛ በር ነው፣ ዓምና እንደ አመድ ግራጫ ነበር። አሁን የእንጨቱ ሥር እንደ ወንዝ እየተጣመመ፣ ቀይ ዳማ ሆኖ ከውስጥ ያበራል። ጭጋጉ ነው አለች በልቧ። ቀጥሎ አጥር ላይ የተደገፈ ሞፈር አየች፣ እሱም ያበራል። ቀጥሎ ጥላ ሥር ያለ አግዳሚ። ቀጥሎ የበረት መዝጊያ። ከዚያ የንብ ቀፎ መስቀያ ባላ። እንጨት የሆነ ነገር ሁሉ በቅዱስ ዮሐንስ ማለዳ እንደታጠበ ፊት ወዝቶ ይጠብቃታል። ቤቶቹ እንጨት መሆናቸው ቀርቶ ፋኖስ ይዘው በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ሰዎች መሰሏት። ሰው ሲሞት በዚህ መንገድ ይሆን የሚሄድ? ብላ አሰበች፤ አልፈራችም ግን። ውብ ነበር።

የባልንጀራዋ የይታይሽ ደጅ ስትደርስ እግሯ ቆመ። በሩ ዳር እስከ ዳር ያበራል። እጇን ዘርግታ ነካችው።

አፍንጫዋ ቢተኛም እጇ አልተኛም። ሃምሳ ዓመት ተልባ ያሸ እጅ ነው። ያ ልስላሴ የቅቤ አይደለም፣ የኑግ አይደለም፣ የሱቅ ቀለምም አይደለም። በስሱ ደርቆ ቆዳ የሠራ፣ ጣት ላይ በጥቂቱ ያዝ የሚያደርግ ነው፤ እንዲህ የሚደርቀው የተልባ ዘይት ብቻ ነው። በዚህ አገር የተልባ ዘይት የሚያወጣ ሰው አንድ ነው። ለእንጨት ብላ በጣሳ ያወጣችው ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ የለም። ሁሉንም ለአፍ ነው ብላ ነው የሰጠችው።

ይታይሽ ጓሮ የሽንኩርት ችግኝ ስትነቅል ነበር፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ይታይሽን የማታውቁ ልንገራችሁ፤ ምላሷ ምላጭ ነው። በሰርግ ላይ ሙሽራዋን ከእነሚዜዎቿ የተናገረች፣ ለቀብር የመጣን ሰው ጫማህን አስተካክል ያለች ሴት ናት።

"ይታይሽ፣ በርሽን ምን ቀባሽው?" አለቻት እማዋይሽ።

"ምን እቀባዋለሁ፣ ቅባት ነዋ።"

"ምን ቅባት?"

ይታይሽ በሩን አየች፣ እጇ ላይ ያለውን ጭቃ አየች፣ እንደገና በሩን አየች።

"ነጠላዬ ጫፉ ቆሽሾ ብታዪ ሦስት ቀን የምትሰድቢኝ ሴት" አለች እማዋይሽ ቀስ ብላ፣ "ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው?"

"መርሮ ነበር፣ እማዋይዬ" አለች ይታይሽ። "ከፋሲካ ወዲህ ሁሉም መርሮ ነበር።"

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ወጣ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ይታይሽ ስትቀምሰው ጉሮሮዋን ያዛት። ልትነግራት ነጠላዋን ለብሳ ተነሳች፣ ደጇ ደርሳ እማዋይሽ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ስታሸት ባየቻት ጊዜ ግን አፍንጫዋ እንደከዳት ገባት፣ አዘነችላትና እጅሽ ይባረክ ብላ ሌላ ጠርሙስ ተቀብላ ተመለሰች። መድፋቱን ደግሞ እጇ እምቢ አላት፤ የእማዋይሽ ልፋት ነው። በሯን ቀባችው። ባየህ በሯን አይቶ፣ በማግሥቱ የራሱን በርና ሞፈሩን ቀባ። አንድ ሰው ለአንድ ሰው የተናገረ የለም። የተማከረ የለም። ሁሉም በየቤቱ ለብቻው ደባቂ ነኝ ብሎ ነው የቀባው፤ ቅባቱ ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲናገር ከረመ።

"አንድም ሰው አልጠጣውም?" አለች እማዋይሽ።

"መምህር ሲሳይ ይጠጣል።"

መምህር ሲሳይ ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጥቶ ይታይሽ ግቢ የተከራየ አስተማሪ ነው። ጨጓራውን ያመዋል። በየጠዋቱ አፍንጫውን በሁለት ጣት ይዞ አንድ ማንኪያ ይውጣል፣ ከዚያ ግቢውን ሁለት ጊዜ ይዞራል። ያገሩ ዘይት ጣዕሙ እንዲህ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ለጓደኞቹም በስልክ አሞግሶታል።

እማዋይሽ ልትስቅ አፏ ተከፈተ፣ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። በሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጥቅሏን ፈታች፣ የየኔታን ጠርሙስ ከፍታ ለይታይሽ ዘረጋችላት። አሽቺው አለቻት። ይታይሽ ተቀብላ አሸተተች፣ ትንሽ ቆይታ መለሰችላት።

"ይሄ ደህና ነው።"

"እንዴት ብዬ ልመንሽ?"

አያችሁ፣ ዝም መባሉ አይደለም የከበዳት። ሰው ካዘነላት በኋላ ደህና ነው የሚለው ቃል ዋጋ ማጣቱ ነው። መንደሩ ሁሉ ይወዳታል፤ ስለሚወዳት ከመንደሩ ሁሉ እውነት የሚነግራት አንድ ሰው አጣች። ወርቅ የመሰለውን ዘይት ፀሐይ ላይ አድርጋ አየችው። እዚሁ ድንጋዩ ላይ ብደፋውና አሞኝ ነበር ብዬ ቤቴ ብመለስስ? የኔታም ይተዉታል፤ ሰውም እንደ ልማዱ ዝም ይላል፤ እኔም እስክሞት የእማዋይሽ አፍንጫ እየተባለልኝ እኖራለሁ። መንገዱን ወደ ኋላ አየችው። በሮቹ ያበራሉ። ከዚያ ክዳኑን ከደነችና ተነስታ ወደ የኔታ ቤት ሄደች። ይታይሽም የጭቃ እጇን ሳትታጠብ ተከተለቻት፤ መሰደቤ ካልቀረ የኔታ ፊት ልሰደብ እያለች።

የኔታ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ጋቢያቸው ውስጥ ቀልጠው አንድ ፍሬ ሆነዋል። እማዋይሽ ጉልበት ስማ ጠርሙሱን እግራቸው አጠገብ አስቀመጠችው። ሙናዬ በርጩማ አቀረበች፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

"የኔታ፣ ከመጋቢት ጀምሮ አይሸተኝም" አለች። "አንድም ነገር። ይሄን ዘይት ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም። ላለፉትም አላውቅም ነበር፤ ዋሽቻለሁ። እርስዎ ስሕተት ሰምተው አያልፉም፤ እስቲ እርስዎ ያሽቱልኝ።"

የኔታ ጠርሙሱን አንስተው ከፈቱ። ተማሪ ሲሰሙ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ። አንድ ጠብታ ጣታቸው ላይ አድርገው ቀመሱ።

"አርሯል" አሉ። "አመሳው በዝቶበታል። መርሯል፣ እማዋይሽ።"

እማዋይሽ ዞር ብላ ይታይሽን አየቻት። ይታይሽ ምላሷን ወደ ጉንጯ ሰዳ፣ ስምንት ወር ምላሴ ለምዶት ደህና ነው ማለቱ አሁንም ዝም ብሎ ወጣ እኮ አለች። ያን ጊዜ እማዋይሽ ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። ከመጋቢት ወዲህ ከሰው አፍ የሰማችው የመጀመሪያ ጽኑ ነገር ነበርና፣ መርሯል የሚለው ቃል እግሯን መሬት አስያዘላት። ተቀመጠች።

የኔታ ግን አልጨረሱም። አጠገባቸው የነበረውን መቋሚያ አንስተው ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ከእጀታው እስከ ሥሩ ያበራል።

"አርባ ዓመት የሕፃን ስሕተት ሰምቼ አልፌ አላውቅም" አሉ። "ያንቺን ግን ስምንት ወር አለፍኩት። መቋሚያዬን ቀባሁበት። ሆስፒታል ተኝቼ ሳስበው፣ ሰውየው ለልጅ የጨከነ ለአዋቂ ፈሪ ነው ብዬ ራሴን ታዘብኩት። የጠራሁሽ ልነግርሽ ነበር። ከመጣሽ ጀምሮ ደግሞ እንዴት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነበር። ይቅር በይኝ።"

እሷ ተነስታ እጃቸውን ልትይዝ ስትል ይታይሽ ጣልቃ ገባች፤ ይቅርታው ደግ ነው፣ የየኔታ ሆድ ግን በይቅርታ አይለሰልስም፣ ማክሰኞ አዲሱ ተልባ ከፋርጣ ወረታ ገበያ ይወርዳል አለች። የኔታም ሳቁ፤ ሲስቁ የቆሰለ ጎናቸውን ይዘው ነው።

ማክሰኞ ዘሩ ተገዛ። ረቡዕ ጠዋት እማዋይሽ ብረት ምጣዱን ጣደች፣ ይታይሽ ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እማዋይሽ ሃምሳ ዓመት በአፍንጫዋ የምታውቀውን በአፏ ተናግራው አታውቅም ነበርና ቃል እየፈለገች አወራች። መጀመሪያ የአውድማ አቧራ ይሸትሻል፣ ዝም በይው። ቀጥሎ ዝናብ የነካው ሣር ይመጣል፣ ያኔ እሳቱን ሳቢው። ከሣሩ በኋላ ለውዝ ለውዝ ሲልሽ፣ ሳትተነፍሺ ንገሪኝ። ከዚያ ካለፈ የቀለም ቆርቆሮ ይሆንብሻል። ይታይሽ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን አስግጋ፣ አቧራ ነው፣ አሁንም አቧራ ነው፣ ኧረ ሣር መጣ እያለች ስትናገር፣ እማዋይሽ በሰው አፍንጫ በኩል አንድ የምታውቀው አገር ገብታ የምትዞር መሰላት።

የመጀመሪያው ምጣድ ከሸፈ። ይታይሽ ለውዝ ሲሸታት ልትናገር አፏን ከፍታ፣ ድንገት ተሳስቼ እማዋይሽን ባሳዝናትስ ብላ አንድ እስትንፋስ ያህል ዘገየች። አለፈ።

"አረረ" አለች። "ጥፋቱ የኔ ነው። አረረ።"

"በይ ድፊው" አለች እማዋይሽ። "ሌላ አምጪ።"

ሁለተኛውን ይታይሽ አልዘገየችም። አውርጂ ስትል ዶሮዎቹ ደንግጠው በረሩ። ተወቀጠ፣ ታሸ፣ ዘይቱ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ አብረው ይዘውት ሄዱ። የኔታ አሸተቱት፣ ቀመሱት፣ እንደገና ቀመሱት። ሙናዬ ትንፋሿን ይዛ ቆማለች። የኔታ ሳህናቸውን ሳብ አድርገው ፍትፍቱ ላይ አንድ ማንኪያ አንጠባጠቡ፣ ባርከው መብላት ጀመሩ። በልተው ሲጨርሱ፣ በየሳምንቱ ከመስጠትሽ በፊት ወደኔ አምጪው፣ ከሳተ አልምርሽም አሏት። እሷም እንዳይምሯት ለመነቻቸው።

የኔታ መድኃኒታቸውንም ውሃቸውንም ሳይተዉ ሰነበቱ፣ ሆዳቸውም ቀስ እያለ ተፈታ። እማዋይሽን ደግሞ ነርሷ ጠርታ አየቻት። እንዲህ ያለው አንዳንዱ ሰው ላይ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ላይ አይመለስም፣ ተስፋም አትቁረጪ፣ ቀንም አትቁጠሪ አለቻት። እስካሁን አልተመለሰላትም።

ደጇ ግን ጸጥ አላለም። እንዲያውም ባሰበት። ስምንት ወር ያፈነው መንደር አፉ ተፈቶ፣ አሁን ዘይት ሊወስድ የሚመጣው ሁሉ እፊቷ ከፍቶ ያሸታል፣ ይሄ ትንሽ ከበድ አላለም ወይ፣ ያለፈው ይሻል ነበር እያለ ይከራከራል። ይታይሽ በርጩማዋ ላይ ሆና ትመልስላቸዋለች። እማዋይሽ መሐል ተቀምጣ እያሸች ትሰማቸዋለች፤ ፊቷ ላይ ያለውን እርጋታ ብታዩት።

ዘይቱን ሊመልስ የመጣ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። መምህር ሲሳይ አዲሱን ዘይት በቀመሰ ማግሥት ጠርሙሱን ይዞ መጣ። እንደ ድሮው አፍንጫውን ይዞ ውጦት ነበር፣ ምንም አላቃጠለውም። በጣም አክብሮ፣ በጣም ተሽኮርምሞ፣ እማማ እማዋይሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄኛው ኃይል የለውም፣ ውሃ ገብቶበት ይሆን? አላት። ይታይሽ ከበርጩማው ወደቀች። እማዋይሽ ግን ልጁን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ያለውን አንድም ሳታስቀር ነገረችው፣ ስላስጠጣችውም ይቅርታ ጠየቀችው።

ይኸው ነው ነገሩ። እናንተም ከዚህ ስትነሱ አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ልጆቼ። ሰው በእጁ የሠራውን ሲሰጣችሁ እፊቱ ቅመሱት። ደህና ከሆነ ደህና በሉ። ከመረረም ዝም ብላችሁ በራችሁን አትቀቡበት፤ ጠጋ ብላችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ንገሩት። ይቺን አትርሱብኝ፣ አደራ።